ወደ ኋላ የሄደው ወጀብ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ የአንድ ሳምንት ታሪክ ነው፤ አሜሪካ ያለው ወገናችን በየዓመቱ ልጆቹን ጭኖ፣ ድፎውን ጠቅልሎ፣ ዘመድ ሊጠይቅ መንገድ የሚገባበት የታንክስጊቪንግ ሳምንት። በዓሉ የሚውለው በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሳምንት ውስጥ ማለት ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ የተርኪው ገበታ ብዙ ጊዜ ከጾሙ ጋር ይገጣጠማል። በአንድ ቤት ሁለት ማዕድ ይቀርባል፤ ለአያት ሽሮው፣ ለልጅ ልጆች ሥጋው።

የእኔ ወሬ ግን ከሰማዩ ነው። ያ ሳምንት በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ ክፉ ሳምንት ነው። ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ክረምቱ ገና በቅጡ አልገባም። ከካናዳ በኩል የዋልታው ቅዝቃዜ መውረድ ይጀምራል። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና አትላንቲክ ደግሞ በበጋው ያጠራቀሙትን ሙቀት ገና አልጨረሱም። ሁለቱ አየሮች ሲገናኙ ቀዝቃዛው ከባድ ነውና ከሥር ይገባል፤ ሞቃቱ ቀላል ነውና ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ መውረድና መውጣት ውስጥ የነፋስ ጉልበት ይወለዳል። የሙቀታቸው ልዩነት በሰፋ ቁጥር የወጀቡም ጉልበት ይበረታል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ሊቃውንቱን ዓመታት ያስለፋቸው ይኸው ነው።

ዘመኑ 1950 ነው፤ በእኛ 1943 ዓ.ም.። ያን ዓመት ታንክስጊቪንግ ኅዳር 14 ቀን ዋለ፤ የነቢያት ጾም ቅበላ ዕለት። ምሥራቁ አሜሪካ ሐሙስን ከቤተሰቡ ጋር ሲያሳልፍ የዋልታው አየር በኦሃዮ ሸለቆ በኩል ወደ ደቡብ እየተንደረደረ ነበር። አመጣጡም እንደ ሌላ ጊዜ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ናሽቪል ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። አትላንታ፣ ያቺ ዛሬ ብዙ ወገን ያለባት የደቡብ ከተማ፣ ከዜሮ በታች 16 ሆነች። ኖቬምበር አላለቀም፤ አገሩም ጆርጂያ ነው።

ዓርብ ዕለት በሰሜን ካሮላይና ሰማይ ላይ፣ በቀዝቃዛውና በሞቃቱ አየር ድንበር፣ የአየሩ ግፊት ዝቅ አለና ነፋሱ መዞር ጀመረ። ይህ በራሱ ብርቅ አይደለም። በዚያ ወቅት በዚያ ጠረፍ የሚወለድ ወጀብ ብዙ ነው። ደንቡም የታወቀ ነው፤ ባሕሩን ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነጉዳል፣ ኒው ኢንግላንድን ይመታል፣ ከዚያ አትላንቲክ ላይ ይጠፋል። በወረቀት ካርታ ላይ በእርሳስ መስመር እየሳለ ለሚተነብይ የዚያ ዘመን ባለሙያ ይህ መንገድ የለመደው መንገድ ነው።

ይህኛው ወጀብ ግን በዚያ መንገድ አልሄደም። በካናዳ ምሥራቅ ጫፍ፣ በላብራዶር በኩል፣ ከባድ የአየር ግፊት እንደ በር ዘበኛ ቆሞ አላሳልፍ አለው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጠፈ። ከባሕር ወደ የብስ፣ ከጠረፍ ወደ ተራራ ወጣ። የአፓላቺያን ሰንሰለት ተሻግሮ ኦሃዮ ገባ። እንዲያ ሲገሰግስ ሞቃቱንና እርጥቡን የአትላንቲክ አየር ከኋላው እየጎተተ በቀዝቃዛው አየር ላይ አጎናጸፈው። ከላይ ያለው እርጥበት ከሥር ካለው የዋልታ አየር ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። በረዶ ነው፤ ማባሪያ የሌለው በረዶ።

በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ፒከንስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ 145 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ይህ ከብዙ ልጆች ቁመት የሚበልጥ ነው። የብረት ከተማዋ ፒትስበርግ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተጭኖባት ፋብሪካዎቿ ቆሙ። ክሊቭላንድ ላይ ከንቲባው አስቸኳይ ጊዜ አውጆ ብሔራዊ ዘቡን ጠራ።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሙ። በዚያው ቅዳሜ፣ ፒትስበርግ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ላይ በበረዶ ውሽንፍር ስትገረፍ፣ ከእሷ በሰሜን ያለችው በፋሎ 12 ዲግሪ ሙቀት ላይ ነበረች። በፋሎ፣ በበረዶ ስሟ የሚጠራው ከተማ፣ ዝናብ ይዘንብባታል። ሰሜኑ ሞቀ፣ ደቡቡ ቀዘቀዘ። ወጀቡ ወደ ኋላ ሲሄድ የባሕሩን ሙቀት በሰሜን በኩል አዙሮ አስገብቶ፣ የዋልታውን ቅዝቃዜ በደቡብ በኩል አውርዶ፣ ካርታውን ገልብጦት ነበር። በዚያ ሰዓት ሰሜን ከደቡብ ይቀዘቅዛል ብሎ ሻንጣውን የሸከፈ መንገደኛ ምን ያህል እንደተሳሳተ አስቡት።

ጠረፉ ደግሞ በነፋስ ተመታ። በኒው ሃምፕሻየር ተራራ ዋሽንግተን ጫፍ ላይ ነፋሱ በሰዓት 257 ኪሎ ሜትር ተለካ። ተራራ ነውና ይሁን እንበል። ኒዋርክ፣ ኒው ጀርሲ ግን ሜዳ ነው፤ እዚያም 174 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ማንሃተን ላይ 150 ነካ። ኒው ዮርክ ላይ ባሕሩ ግድቡን ሰብሮ የላጋርዲያ አውሮፕላን ማረፊያን ማኮብኮቢያ አጥለቀለቀ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት መብራት አጣ። 22 ክፍለ ግዛቶች ተጎዱ። የመድን ኩባንያዎች እስከዚያ ቀን ድረስ ለአንድ ወጀብ ያን ያህል ካሣ ከፍለው አያውቁም ነበር። የሞቱት 353 ሰዎች ናቸው ተብሎ ተመዝግቧል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በበዓሉ ምክንያት ከቤታቸው ርቀው፣ ዘመድ ቤት ወይም መንገድ ላይ ሳሉ ነበር ወጀቡ የደረሰባቸው ብዬ አምናለሁ። የዓመቱ ትልቁ የዘመድ ጥየቃ ቅዳሜና እሑድ ነበርና።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ስለሆነ አንድ ጨዋታ ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ የአበሻ ምግብ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ያለባት፣ ብዙ ሰው የሚያውቃት ከተማ ናት። የከተማዋ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች በየዓመቱ ይፋለማሉ፤ ያን ዓመት ተራው የኮሎምበስ ነበር። ጠላትነታቸው የቆየ ነው፤ የቤተሰብ ደም ያለበት ይመስላል። ያን ዓመት ደግሞ የሊጉ ዋንጫ በጨዋታው ላይ ተንጠልጥሏል። ከ80 ሺህ በላይ ቲኬት ተሽጧል። ጠዋት ላይ ሜዳው የለበሰው ሸራ ከመሬቱ ጋር በበረዶ ተጣብቆ አልነሣ አለ። ተመልካቹ ሳይቀር ወርዶ ሲያግዝ ጨዋታው ከሰዓቱ ዘገየ። መሰረዝ ይቻል ነበር፤ የኦሃዮ ሰዎች ግን እንጫወታለን አሉ። በዚያ ውሽንፍር 50,503 ሰው ገብቶ ተቀመጠ።

ከዚያ የሆነው ጨዋታ ለመባል ይቸግራል። ነፋሱ ኳሱን ከእጅ ይነጥቃል። መስመሩ በበረዶ ተሸፍኗል። ስለዚህ ሁለቱም ቡድኖች አንድ ብልሃት ያዙ፤ ኳሱን ይዞ ከመሮጥ ይልቅ በእግር መትቶ ወደ ተቃራኒው ሜዳ መስደድና ሌላው እንዲሳሳት መጠበቅ። በዚያ ቀን ኳሱ እንዲያ 45 ጊዜ ተለጋ። ከእነዚህ 24ቱ የሚሺጋን ናቸው። ሚሺጋን አንድም ኳስ በእጁ አልተቀባበለም፤ ጨዋታውን ግን 9 ለ 3 አሸነፈ። ነጥቡ ሁሉ የመጣው የኦሃዮ ምት ታግዶ ሲመለስ ነው። የኦሃዮን ሦስት ነጥብ በዚያ ነፋስ ውስጥ መትቶ ያስገባው ቪክ ጃኖዊች የዚያን ዓመት ትልቁን የተጫዋቾች ሽልማት፣ ሃይስማንን፣ ወሰደ። አሠልጣኙ ዌስ ፌስለር በዚያው ሰሞን ሥራውን ለቀቀ። ሰዉ እስከ ዛሬ ጨዋታውን የበረዶ ዋንጫ ይለዋል፤ እየሣቀም ያወራዋል። እኔ ግን ያ ሁሉ ሰው በዚያ ቀን ወደ ቤቱ እንዴት ተመለሰ እያልኩ አስባለሁ። ከሜዳው ውጪ ያለው መንገድ ሁሉ እየተዘጋ ነበር።

ትንበያው የት ነበር ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ልክ ነው። ብርዱ እንደሚመጣ ይታወቅ ነበር። ወጀቡ በአንድ ሌሊት እንዲያ እንደሚፋፋምና ወደ ኋላ ታጥፎ ተራራ እንደሚወጣ ግን በእርሳስና በልምድ የሚሠራው ትንበያ በቅጡ አልያዘውም። ባለሙያዎቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። የሰው ልምድ የሚያውቀው ያየውን ነው፤ ይህን ዓይነቱን ደግሞ ያየ ሰው ጥቂት ነበር።

አሁን ታሪኩ ከተራራው ወርዶ ወደ ቢሮ ይገባል።

ከዚያ ወጀብ ብዙ ዓመታት በፊት ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው አልገድልም ብሎ ፈረንሳይ ውስጥ የአምቡላንስ ሾፌር ሆነ። ቁስለኛ ከማመላለስ በተረፈው ሰዓት ተቀምጦ የአየሩን ጠባይ በቁጥር ለማስላት ሞከረ። የ1910ን አንድ የግንቦት ቀን መርጦ የ6 ሰዓቱን የግፊት ለውጥ በእጁ አሰላ። ውጤቱ ከእውነቱ እጅግ የራቀ ሆነ። ረቂቁ በጦርነቱ መሃል ጠፍቶ ከወራት በኋላ ቤልጂየም ውስጥ ከከሰል ክምር ሥር ተገኘ። መጽሐፉን በ1922 አሳተመው። ከነስሕተቱ አሳተመው፤ ለዚህ ድፍረቱ ትልቅ አክብሮት አለኝ። በመጽሐፉ ውስጥ 64,000 ሰው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ተቀምጦ የዓለምን አየር አየሩ ከሚለወጥበት ፍጥነት ጋር እኩል እየሮጠ ሲያሰላ በሕልሙ ያያል።

ሰዎቹን የተካው ማሽን የመጣው በዚያው በ1950 ነው። ወጀቡ ከመነሣቱ ስምንት ወር ገደማ በፊት የአየር ጠባይ ሊቁ ጁል ቻርኒና ጓደኞቹ፣ የሒሳብ ሊቁ የጆን ፎን ኖይማን ቡድን ሰዎች፣ ከፕሪንስተን ተነሥተው ሜሪላንድ፣ አበርዲን ወደሚገኘው የጦር ሠራዊት ግቢ ሄዱ። እዚያ ኤኒያክ የሚባለው ግዙፍ ኮምፒውተር ነበር፤ የተሠራው የመድፍ ተኩስ ለማስላት ነው። ለ33 ቀንና ሌሊት በፈረቃ ሠሩ። የፎን ኖይማን ባለቤት ክላራ ፎን ኖይማን ሰዎቹን ማሽኑን በትእዛዝ እንዴት እንደሚያናግሩት አስተማረቻቸው። የ24 ሰዓት ትንበያ ለማስላት 24 ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው። ማለት ነገን ሲደርሱበት ነገ ዛሬ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ቢሆንም ስሌቱ ከእውነተኛው ሰማይ ጋር ተቀራርቦ ወጣ። ሪቻርድሰን ውጤቱ ሲደርሰው በሕይወት ነበር።

ያ ስሌት ግን አንድ ጉድለት ነበረው። አየሩን ሁሉ እንደ አንድ ንጣፍ ይቆጥረዋል። በአንድ ንጣፍ ውስጥ ከሥር ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሞቃት የሚባል ነገር የለም። ያለውን ነፋስ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል፤ ያልነበረን ወጀብ መውለድ ግን አይችልም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የሙቀት ልዩነት እዚህ ላይ መጣ። ኖቬምበር ላይ የታንክስጊቪንግ ወጀብ በራሳቸው ደጅ፣ በኒው ጀርሲ ሰማይ፣ ሲያልፍ ሊቃውንቱ ከዚህ የተሻለ ፈተና ሊያገኙ አይችሉም ነበር። ከምንም ተነሥቶ በአንድ ቀን የፋፋመ፣ ጉልበቱን ሁሉ ከሙቀትና ከብርድ ድንበር የጠጣ ወጀብ ነውና።

ፕሪንስተን ላይ የራሳቸው ኮምፒውተር በ1952 ሥራ ሲጀምር ያን የኅዳር ሳምንት መልሰው አሰሉት። በአንድ ንጣፍ ሞከሩ፤ ወጀቡ አልተወለደም። ከቡድኑ ሰዎች አንዱ ኖርማን ፊሊፕስ አየሩን በሁለት ንጣፍ ከፍሎ ሲያሰላ ምልክቱ ታየ። ወደ ሦስት ንጣፍ ሲያሳድጉት ወጀቡ በማሽኑ ውስጥ ተወለደ። በማሽን የተወለደ የመጀመሪያው ትልቅ ወጀብ ይህ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ቻርኒ በ1954 ይህን ጽፎ አሳተመ። የአየር ሁኔታ ቢሮው፣ የአየር ኃይሉና የባሕር ኃይሉ በዚያው ዓመት የጋራ የስሌት ክፍል አቋቋሙ። በሜይ 1955 ከዋሽንግተን ጥግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሱትላንድ ላይ፣ አይ.ቢ.ኤም. 701 የሚባል ማሽን የዕለት ትንበያ ማውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ከባለ እርሳሱ ሰው ያንስ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በለጠው። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናያት የፀሐይና የደመና ምልክት የዘር ሐረጓ ወደዚያ ይመዘዛል። ያ ዕውቀት የተገነባው በ353 ሰው ሞት ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንበያውን ሳያይ መንገድ የሚገባ ሰው ሳይ ያመኛል።

ከዚያስ ምን ሆነ? ሁለት ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ፤ ሁለቱም በፋሎ ላይ፣ በ2022 የሆኑ ናቸው።

የመጀመሪያው ከታንክስጊቪንግ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ከካናዳ የሚወርደው ብርድ ገና ለብ ባለው የኤሪ ሐይቅ ላይ ሲያልፍ እርጥበቱን ጠጥቶ በሌላው ዳር ላይ በረዶ አድርጎ ይደፋዋል። ደመናው ጠባብ ነው፤ አንዱ ሰፈር ሲቀበር ሌላው ሰፈር ጥቂት ብቻ ያገኛል። ኖቬምበር 17 ሐሙስ፣ በረዶው ሳይጀምር፣ የበፋሎ ቢልስ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የእሑድ ጨዋታ ወደ ዲትሮይት ተዛወረ። የጭነት መኪናዎች ከፈጣኑ መንገድ ታገዱ። ከዚያ ስታዲየሙ ባለበት በኦርቻርድ ፓርክ ከ2 ሜትር በላይ በረዶ ወረደ። እሑድ ዕለት ቢልሶች ዲትሮይት ላይ በጣሪያ ሥር ተጫወቱ። በ1950 ሰዉ በውሽንፍሩ ውስጥ ተቀመጠ፤ በ2022 ውሽንፍሩ ሳይመጣ ሰዉ ተነሥቶ ሄደ። በበረዶው ግን በአካፋ ሲጠርጉ ልባቸው የከዳቸው ሰዎች ነበሩ።

ሁለተኛው የመጣው በወሩ፣ የፈረንጅ ገና ዋዜማ ላይ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ትንበያው ቀናት ቀድሞ ተናገረ፤ በአንድ ትውልድ አንዴ የሚመጣ ዓይነት ነው እስከማለት ደረሰ። የመንዳት እገዳው ግን የታወጀው ዲሴምበር 23 ዓርብ ጠዋት ነው። ሠራተኛው በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር፤ ካልሄደ የዕለት ደመወዙን የሚያጣ ሰው ከቤት ይወጣልና። ከ40 በላይ ሰው ሞተ። ከፊሉ መኪናው ውስጥ፣ ከፊሉ ቤቱ ማሞቂያ ጠፍቶበት፣ ከፊሉ አምቡላንስ መድረስ አቅቶት። ሳይንሱ ሥራውን ሠርቶ ነበር። በትንበያውና በበሩ መሃል ያለችው ውሳኔ ነበረች የዘገየችው።

ስለዚህ የታንክስጊቪንግን ትንበያ እንዴት እንደማነብ ልንገራችሁ። ከ6 እስከ 10 ቀንና ከ8 እስከ 14 ቀን ያለውን የሚያሳየው የአዝማሚያ ካርታ ወጀብ አይነግራችሁም። ከወትሮው ይበርዳል ወይስ ይሞቃል፣ ዝናቡና በረዶው ይበዛል ወይስ ያንሳል የሚለውን ዕድል ብቻ ነው የሚሰጠው። እሱን ያየ ሰው ጎማውንና ልብሱን ያስባል፤ ቀን አይቆርጥም። ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀር ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ የሚለውን ያወጣል። ያኔ ቀን መቀየር ይቻላል፤ ሆቴልም ይገኛል። ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ወጀቡ ደርሷል ወይም ደጃፉ ላይ ነው፤ ያን ሰዓት ውሳኔ ለመጀመር ረፍዷል።

ከኮሎምበስ ወደ ዋሽንግተን የሚነዳ ብዙ ወገን አለ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ። መንገዱ በዊሊንግ አልፎ ሞርጋንታውን ይደርስና በ68 ቁጥር ጎዳና ወደ ምዕራብ ሜሪላንድ ተራሮች ይወጣል። የ1950ው ወጀብ ያረፈው በዚህ አካባቢ ነው። እዚያ ጋሬት ካውንቲ አለ፤ በዓመት በአማካይ ከ250 ሴንቲ ሜትር በላይ በረዶ የሚወርድበት። ባልቲሞር ላይ ዝናብ ሲሆን እዚያ በረዶ ነው፤ ነፋሱ ተራራውን ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ። ዋሽንግተን ያለው ዘመድ ደውሎ እዚህ ሰማዩ ጥሩ ነው ቢል እውነቱን ነው፤ ስለ ተራራው ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሞርጋንታውን ላይ ነዳጅ ስትቀዱ የመድረሻችሁን ሳይሆን የጋሬትን ትንበያ ክፈቱ። ማስጠንቀቂያ ካለ እዚያው እደሩ። ከዚያ እስከ ከምበርላንድ ድረስ ተራራ ለተራራ ነው፤ በመሃሉም ትልቅ ከተማ የለም። ልጆቹ ቢያለቅሱም ሆቴሉ ውስጥ ይተኛሉ፤ ዘመዳችሁም እራቱን ለዓርብ ያቆይላችኋል።